የአባ ግፋው ሀብተሥላሴ ዜና፣ የቤንዚን ጌጅ የለወጡበትና ልጃቸውን የዳሩበት

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ቅቤ መልኳ ፊያት መቶ ሃያ አራት በካዛንቺስ በነገሠች በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ የቤንዚን ጌጇ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝታ አልነሣም ባለች በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ የፊያቲቱ ጌታ፣ የመሪዋ ባለሟል፣ የኮፈኗ ከፋችና ዘጊ፣ ከጂኦግራፊ መምህርነት በክብር የተሰናበቱት አቶ ሀብተሥላሴ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ግፋው፣ በክረምት የወረደባቸውን ውርደት በበጋ ሊመልሱ ተነሡ። ከማን ጋር እንደ ዘመቱ፣ ምን እንዳገኙና ምን እንዳገኛቸው፣ ወሬኛ ሳይቀባባው እንዲህ ተጻፈ።

አባ ግፋው የተባሉበት ምክንያት ይህ ነው። መርፌዪቱ ከሞተች ጀምሮ በጋኑ ውስጥ ስንት ቤንዚን እንዳለ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረምና፣ አቶ ሀብተሥላሴ አንዲት ቀጥ ያለች ሸምበቆ አስቆርጠው፣ በቢላዋ ምልክት ምልክት አድርገውባት፣ በጋኑ አፍ እየሰደዱ፣ እያወጡ፣ እርጥቧን እያዩ ይለኩ ነበር። ሸምበቆዪቱ እውነተኛ ነበረች፤ ነገር ግን እውነቷን የምትናገረው ለጠየቃት ብቻ ነው፣ እሳቸው ደግሞ መጠየቁን እየረሱ «ትደርሳለች» ብለው የሚነሡ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ፊያቲቱ በኡራኤል ቆማ ተገፍታለች፤ በባምቢስ አቀበት ቆማ ተገፍታለች፤ በቂርቆስ የለቅሶ ድንኳን ፊት ቆማ ለቀስተኛው እንባውን ጠርጎ ገፍቷታል። በካዛንቺስና በቂርቆስ እሷን ያልገፋ ጎልማሳ ካለ፣ እንግዳ ነው ወይም ወገቡን ያመዋል።

ከሁሉ የከፋችው ግን የሐምሌዋ ቀን ናት። በዚያች ቀን አንዲት ልጃቸው ሐሴት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ ጥቁር ጋውኗን እንደ ለበሰች፣ አበባዋን እንደ ታቀፈች ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ስትመጣ፣ ፊያቲቱ ደምበል ፊት ለፊት፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ዝናብ እያካፋ ቆመች። ሐሴትም አበባውን በወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ወርዳ፣ ከኋላ ሆና ገፋች። በአንድ እጇ ትገፋ ነበር፤ በሁለተኛው እጇ የጋውኑን ሰፊ እጅጌ ስባ ፊቷን ሸፍና ነበር። አባቷ መሪውን እንደ ያዙ ይህን በመስታወት አዩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል ሲጎርሱም ያ የተሸፈነ ፊት ይታያቸው ነበር፣ ምክንያቱም ልጃቸው በእሳቸው ስታፍር ያዩት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ወእምዝ በኅዳር ወር፣ የጎተራ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሆነ ቴዎ የሚባል ጨዋ ልጅ ሽማግሌ ላከ፤ ተፈቀደለት፤ ሠርጉም ለጥር ፲፮ ቀን፣ ለእሑድ ተቆረጠ። ሙሽራይቱ ሙሽራው በሚያመጣው መኪና መሄዷ የታወቀ ልማድ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ግን በሽማግሎቹ ፊት ቆመው፣ «ልጄን ከሙሽራው ጋር ከደጄ እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት በገዛ መኪናዬ ነው፤ ሌላ ጥሎሽ አልጠይቅም» ብለው ዐወጁ። ቴዎም ተስማማ፣ ፊያቲቱን ገፍቶ አያውቅም ነበርና።

ሐሴት ይህን በሰማች ጊዜ ከጓዳ ወጥታ የራሷን ዐዋጅ ነገረች፤ ቃሉም እንዲህ የሚል ነበር። «አባዬ፣ በጥቁር ጋውን ገፍቻለሁ። በቬሎ ግን አልገፋም። ጌጁን አሠራውና በአንተ መኪና እሄዳለሁ፤ የሠርጌ ቀን መርፌውን ዜሮ ላይ ካየሁት ግን፣ በቃ፣ ቴዎ ባመጣው መኪና እገባለሁ።» እናቷ ወይዘሮ ለተሚካኤል ራሳቸውን ነቅንቀው ዐዋጁን አጸደቁት። አቶ ሀብተሥላሴም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ መርፌዪቱ ዜሮ ላይ ከተገኘች የሌላውን መኪና በር ራሳቸው ሊከፍቱላት ማሉ።

ለዘመቻውም የተከተሏቸው እነዚህ ናቸው። ከጎረቤት አቶ ዘነበ፣ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድተው በጡረታ የተቀመጡ፣ በምክር የበለጸጉ፣ ቡሎን ነክተው የማያውቁ፤ ከሱቅ በኩል ወይዘሮ ዙለይካ፣ በአካል ባይዘምቱም ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ለሠራዊቱ ያዋጡ፤ ከቂርቆስ ታጁዲን፣ አያቱ ከወሎ የመጡ፣ የአሮጌ መኪና ዕቃ ንጉሥ፣ ማዕረጉ ሊቀ ጌጃት። የታጁዲን ሱቅ ከሁለት በር የማትበልጥ ቆርቆሮ ቤት ስትሆን፣ ጣሪያዋ ድረስ የሞቱ መኪኖች ክሩስኮት፣ ማለትም ከመሪ ፊት ያለ የጌጅ ሰሌዳ፣ ተደርድሮባት፣ ሺህ መርፌዎች በሺህ መስታወት ውስጥ ተኝተው የትንሣኤያቸውን ቀን ይጠብቁባታል።

የታጁዲን ሥርዐት የታወቀ ነው። ባትሪ በዱካ ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለት ሽቦ ይስባል፤ ጌጁን እንደ ሕፃን በጉልበቱ ላይ ያስተኛል፤ ሽቦውን ያስነካዋል፤ መርፌዋ ከተነሣች «ነፍስ አላት» ይላል፣ ካልተነሣች ወደ ሣጥኑ ይመልሳታል። ከሱቁ በር በላይም በቀለም የተጻፈ ዐዋጅ ነበረው፤ «መርፌ ሳይነሣ ዕቃ አይወጣም፤ ከወጣ በኋላ አይመለስም።»

የመጀመሪያው ዘመቻ በታኅሣሥ መባቻ ሆነ። የፊያት የገዛ ወገኗ ጌጅ ቢፈለግ በቂርቆስ ጠፋ፣ ያሉት ሁሉ በየመኪናቸው በሥራ ላይ ነበሩና። ስለዚህ የአክስት ልጇ ከሆነች ከአንዲት ላዳ የወጣ ጌጅ ቀረበ፤ በሽቦ ሲነካ መርፌው ተንቀጥቅጦ፣ ሩብ ድረስ ወጥቶ፣ ከእርጅና የተነሣ ዐረፈ። ሁለተኛው ዘመቻ በልደት ማግስት ሆነ። የፔዦ ጌጅ ቀረበ፤ ጤነኛ ነበረ፣ ግን ወፍራም ሆኖ በክሩስኮቱ ቀዳዳ አልገባ አለ። የቮልስዋገንም ቀረበ፤ እሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ፣ ከጋኑ በሽቦ የሚጎተት የድሮ ሰው ሆኖ ተገኘ። አቶ ዘነበ በሁለቱም ዘመቻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «እኔ በመጀመሪያም ብዬ ነበር» የሚል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ምን ብለው እንደ ነበር ግን በታሪክ አልተገኘም።

ሦስተኛው ዘመቻ ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጥር ፲፬ ቀን ሆነ። በዚያች ዕለት ታጁዲን ከሣጥኖቹ ሁሉ በታች ካለች ሣጥን ፊቱ ጥቁር፣ መርፌው ነጭ፣ ጽሕፈቱ የተፋቀ አንድ ጌጅ አወጣ። ስለ ትውልዱ ብዙ ተባለ። ታጁዲን ከጀርመን የጭነት መኪና ነው አለ፤ አቶ ዘነበ ከእንግሊዝ ጂፕ ነው አሉ፤ አንድ መንገደኛ ቆሞ አይቶ ከጀልባ ነው ብሎ ሄደ። አባቱን የሚያውቅ አልተገኘም። ቢሆንም ሽቦ ሲነካው መርፌው ቀጥ ብሎ ተነሣ፣ ስፋቱም ከቀዳዳው ጥቂት ብቻ ስለሚያንስ፣ ታጁዲን የወይዘሮ ዙለይካን ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጦ፣ ጠቅልሎ፣ ቀለበት አድርጎ በዙሪያው አለበሰው። አቶ ሀብተሥላሴ ካቻቢቴውን ራሳቸው ይዘው፣ በክሩስኮቱ ሥር በጀርባቸው ተኝተው፣ ሁለቱን ሽቦ አሰሩ። ከዚያም ቁልፉ ተከፈተ፤ መርፌዪቱ ከዐሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው ቀስ ብላ ተነሥታ በግማሹ ላይ ቆመች። ሸምበቆዪቱ ለምስክርነት ተጠርታ ወደ ጋኑ ገባች፤ ወጣች፤ ግማሽ አለች። ወኮነ ዐቢይ ፍሥሓ። ታጁዲንም «ጋሼ ሀብቴ፣ ጨርሰናል» ብሎ ዐወጀ።

አሁን ስለ ልማዳችን አንድ ነገር መጻፍ ግድ ነው። በካዛንቺስና በቂርቆስ የአሮጌ መኪና ጋን ሞልቶ አያውቅም። ለዛሬ የሚበቃው ዛሬ ይቀዳል፤ ነገ ለራሱ ያስባል። እንግዲህ ጌጅ ሲፈተን ጋን ሞልቶ ወይም አንጠፍጥፎ መፈተን እንደሚገባ ማንም አላሰበውም፤ በሰፈሩ ጋን ማለት ግማሽ፣ ግማሽም ማለት ጋን ነውና። ግማሽ ደግሞ ከላይ ቢቆጥሩት ግማሽ፣ ከታች ቢቆጥሩት ግማሽ ነው። አንዲት ጀሪካን ጨምረውበት ቢሆን ኖሮ ይህ ዜና እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

አቶ ሀብተሥላሴ ግን ከደጃቸው በደረሱ ጊዜ ሸምበቆዪቱን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ዳስ በሚጥሉት ዘመዶች ፊት፣ «ሸምበቆ ሆይ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግለሽኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ በክብር ተሽረሻል» ብለው ዐወጁ። ወይዘሮ ለተሚካኤል ወዲያው ተቀብለው፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው፣ የጎበጠውን የዳስ ጥግ ደገፉባት። ፊያቲቱም ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ታጠበች፣ ተወለወለች፣ አበባ ታሰረባት፤ አንድ እርምጃ ግን አልሄደችም።

እሑድ ጠዋት አቶ ሀብተሥላሴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በሕይወታቸው ተናግረውት የማያውቁትን ቃል ሊናገሩ ብቻቸውን ወደ ማደያ ወጡ። ቃሉም «ሙላው» የሚል ነበር። ቀጂው ሰማሁ አልሰማሁ ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገማቸው፣ ፊያቲቱን ያውቃታልና። ጋኑ እስከ አንገቱ ሞላ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ከፈቱ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ መርፌዪቱንም በኩራት አዩአት። መርፌዪቱ ዜሮ ላይ ተኝታ ነበር።

ጌጁን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ አልተነሣችም። ሞተሩን አጥፍተው አስነሡ፤ አልተነሣችም። ከማደያው እስከ ደጃቸው አሁን ቆመች፣ አሁን ቆመች እያሉ ነዱ፣ ፊያቲቱ ግን አልቆመችም። ደጃቸው ደርሰው በአዲሱ ልብሳቸው ከመኪናዪቱ ሥር ተንበረከኩ፤ የፈሰሰ ጠብታ የለም። የሙሽራው መኪኖች ሊደርሱ ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸው ነበር፣ የማሉትም መሐላ በጆሯቸው ይደወል ነበር።

ስለዚህ ወደ ዳሱ ገብተው የተሻረችውን ሸምበቆ ከሥልጣን ሊመልሱ ነቀሏት፤ የዳሱም ጥግ ቁርስ ላይ በነበሩት በሦስት አጎቶች ራስ ላይ ወረደ። ሸምበቆዪቱ በጋኑ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ርሳ ነበር። ሸምበቆዪቱ ሙሉ ነው አለች፤ መርፌዪቱ ባዶ ነው አለች። ለሠርጉ የተጠራው ታጁዲን ቆሞ፣ «ወላሂ፣ የእኔ ጌጅ አይዋሽም፤ ሸምበቆዋ ዳስ ስትደግፍ አድራ ጤዛ ጠጥታ ነው» ብሎ መሰከረ። አቶ ዘነበ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ከመረመሩ በኋላ «ሁለቱም ልክ ናቸው» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ እንዴት እንደሚፈጸም ግን አልገለጹም።

ሸንጎው በዚህ ላይ ሳለ የክላክስ ድምፅ ተሰማ፤ ቴዎ በሦስት ነጫጭ መኪና ታጅቦ ደረሰ። እልልታው ቀለጠ። ሐሴት ቬሎዋን ለብሳ፣ በሚዜዎቿ ተከብባ ወጣች፤ ማንንም ከመሳሟ በፊት ወደ ፊያቲቱ መስኮት ሄዳ አንገቷን አስግጋ ክሩስኮቱን አየች። እልልታው ቀስ እያለ ሞተ። አቶ ሀብተሥላሴ ስለ ሸምበቆዪቱ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን ያ የተሸፈነ ፊት ታያቸውና መልሰው ዘጉት። በቀስታ ወደ ፊተኛው ነጭ መኪና ሄዱ፣ እንደ ማሉትም የኋላውን በር በገዛ እጃቸው ከፍተው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው ያዙላት። ወይዘሮ ለተሚካኤል በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ሐሴት የተከፈተውን በር አየች፤ አባቷንም አየች፤ በጉልበታቸው ላይ የቀረውን የአፈር ምልክት አየች። ከዚያም በዳሱ ሁሉ ፊት የቀደመ ዐዋጇን በአዲስ ዐዋጅ ሻረች። ቃሉም ይህ ነበር። «አባዬ፣ በሩን ዝጋው። እኔ ባንተ መኪና ነው የምሄደው። ከቆመችም እገፋለሁ።» ይህንንም ብላ ቬሎዋን ሰብስባ በፊያቲቱ የኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ቴዎ ባንገቱ የታሰረውን ክራቫት አላላና ከጎኗ ገባ። አቶ ሀብተሥላሴ መሪውን ሲይዙ መንገዱ በእንባ ደብዝዞባቸው ስለ ነበር፣ ዝናብ ሳይኖር የዝናብ መጥረጊያውን ከፈቱ ይባላል።

ፊያቲቱም አልቆመችም። ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ፣ ከቂርቆስ ወሎ ሰፈር እስካለው አዳራሽ፣ ሦስቱን ነጫጭ መኪኖች አስከትላ በባዶ መርፌ ሄደች። በአዳራሹ ደጃፍ የመርፌዪቱ ጫፍ ከዜሮ በጣም ጥቂት ተነሥታ ታየች። ሰኞ ዘመድ ከሰበታ ስታመላልስ ሩብ ደረሰች። ማክሰኞና ረቡዕ አክስቶች ወደ ደብረ ዘይት ሲሸኙ ግማሽ አለፈች። አቶ ሀብተሥላሴ በነዱ ቁጥር ቤንዚን የሚጨምር መኪና እንዳላቸው ተረድተው ለማንም አልተናገሩም፤ አቶ ዘነበ ግን አይተው «የሠርጉ በረከት ነው» አሉ፣ ታጁዲንም «ጌጁ ቤቱን እየለመደ ነው» አለ። ሸምበቆዪቱን የጠየቃት አልነበረም። እሷም ወደ ዳሷ ተመልሳ ነበር።

ሐሙስ ጥር ፳ ቀን፣ በመልሱ ዕለት፣ መርፌዪቱ ሙሉ ላይ ደረሰች። ሙሽሮች በራሳቸው መንገድ መምጣታቸው ልማድ ቢሆንም፣ አቶ ሀብተሥላሴ ሙሉ መርፌ ይዘው ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውምና ወደ ጎተራ ወረዱ፤ ካባ የለበሱትን ሙሽሮች ጫኑ፤ በመንገድ ላይ ባለ ማደያ ፊት ሲያልፉም ለቀጂው እጃቸውን አንሥተው ሰላምታ ብቻ ሰጡት። በወሎ ሰፈር አለፉ። ደምበል ፊት ለፊት ሲደርሱ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በሐምሌው ቦታ፣ ፊያቲቱ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ቆመች። መርፌዪቱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሙሉ ትል ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የጂኦግራፊ መምህሩ በዚያች ሰዓት ነገሩ ሁሉ ገባቸው፤ ጌጁ ባዶውን ሙሉ፣ ሙሉውንም ባዶ ብሎ የሚቆጥር የሌላ አገር ሰው ነበረ።

ወደ ኋላ ዘወር ብለው ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሉ የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። ሐሴት ወርዳለች። በወርቅ ክር የተጠለፈውን ካባዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ ቴዎን በቀኝ አቁማ፣ ሁለት እጆቿን በመኪናዪቱ ጀርባ ላይ አድርጋለች። የደምበል መንገደኛም ሙሽሮች መኪና ሲገፉ አይቶ እያጨበጨበ ተጨመረ። ሐሴትም «አባዬ፣ መሪውን ብቻ ያዝልኝ» ብላ ዐወጀች። አቶ ሀብተሥላሴ መሪውን ያዙ፣ ወደ መስታወቱም ማየት ፈርተው ቆይተው በመጨረሻ አዩ። ልጃቸው በሁለት እጇ ትገፋ ነበር። ፊቷ አልተሸፈነም። ትስቅ ነበር።

ጌጁም እስከ ዛሬ አልተለወጠም፣ የታጁዲን ዐዋጅ እንደሚለው የወጣ ዕቃ አይመለስምና፤ በዚያ ቤት ባዶ ሲል ይኬዳል፣ ሙሉ ሲል ወደ ማደያ ይሮጣል፣ ቴዎም ይህን ምሥጢር በአማችነት ወርሷል። ሸምበቆዪቱ ዳሱ ሲፈርስ ወደ ማዕረጓ ተመልሳለች።

እንግዲህ ለአቶ ሀብተሥላሴ ክብር ይሁን፤ በሦስት ዘመቻ አንድ መርፌ ላስነሡ፣ በባዶ ለጋለቡ፣ በሙሉ ለተገፉ፣ መሐላቸውን ለመጠበቅ የሌላ ሰው መኪና በር በገዛ እጃቸው ለከፈቱ። የፈረስ ስማቸውን ሊያስለውጡ ተነሥተው ነበር፤ አሁን ግን በሰፈሩ መካከል አባ ግፋው ብሎ የሚጠራቸው ሰው ቢኖር፣ ቆመው ኮፍያቸውን ያነሣሉ።